የመነኩሴው ጠርሙስ፦ መድኃኒት መርዝ የሚሆነው መቼ ነው?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቤት ውስጥ አይጥ ሲያስቸግር ሱቅ ትሄዱና ምን ትላላችሁ? አብዛኞቻችን «የአይጥ መድኃኒት አለ?» ነው የምንለው። አይጧ እኮ አልታመመችም። ልናድናትም አላሰብንም። ባለሱቁ ግን አይደናገርም፤ ከመደርደሪያው ላይ መርዙን ያወርድልናል። ሰፈር ውስጥም «እገሌን መድኃኒት አብልተውት ነው» ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ ወሬው ስለ ፈውስ እንዳልሆነ ወዲያው ይገባችኋል። አማርኛችን ሁለቱን ነገሮች በአንድ ቃል ይጠራና የትኛው እንደሆነ ከአውዱ እንድንረዳ ይተወናል።

ዛሬ የማወራችሁ ልብ ወለድ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። በእንግሊዝኛ «መንክስሁድ» ይባላል፤ «የመነኩሴ ቆብ» ማለት ነው። የታተመው በ1980 ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደራሲዋ ኤሊስ ፒተርስ ትባላለች። ይህ የብዕር ስሟ ነው፤ ትክክለኛ ስሟ ኤዲት ፓርጂተር ነው። መጽሐፉ በታተመበት ዓመት የብሪታንያ የወንጀል ጸሐፊዎች ማኅበር «ሲልቨር ዳገር» የተባለውን ሽልማት ሰጥቶታል። ካድፋይል የተባለ መነኩሴ ወንጀል የሚመረምርበት ረጅም ተከታታይ ሦስተኛው መጽሐፍ ሲሆን፣ በ1994 ደግሞ በቴሌቪዥን ፊልም ተሠርቷል።

እኔ የኬሚካል ምሕንድስና ተማሪና ተመራማሪ ነኝ እንጂ የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ አይደለሁም። ስለዚህ መጽሐፉን ያነበብኩት እንደ መሐንዲስ ነው። ሙቀቱ ስንት ነበር? መጠኑስ? ጠርሙሱ የት ተቀመጠ? ማን ሊደርስበት ይችል ነበር? እነዚህን ይዤ ስገባ ያገኘሁት ነገር ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። የመጽሐፉ ትልቁ ጥያቄ «ማን ገደለ?» የሚለው አይመስለኝም። «ገዳይ ነገር እንዴት ለማንም እጅ እንዲህ ቅርብ ሆነ?» የሚለው ነው። ቅሬታዬም እዚሁ ላይ ነው፤ መጽሐፉ ይህን ጥያቄ ያነሳዋል፣ ግን እስከ መጨረሻው አይሄድበትም።

አትስጉ፣ ገዳዩን አልነግራችሁም።

ታሪኩ ባጭሩ

ጊዜው ታኅሣሥ 1138 ነው። እንግሊዝ ውስጥ ንጉሥ ስቲቨንና እቴጌ ማቲልዳ ለዙፋን ይዋጋሉ። ቦታው ሽሩስበሪ የተባለች፣ ለዌልስ ድንበር የቀረበች ከተማ ውስጥ ያለ ገዳም ነው። ገዳሙ የፈጠራ አይደለም፤ በ1083 የተመሠረተ የቤኔዲክቶሳውያን ገዳም ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑም እስከ ዛሬ ቆሟል።

ካድፋይል የዌልስ ሰው ነው። በወጣትነቱ በመስቀል ጦርነት ተዋግቷል፣ በባሕር ላይ ሠርቷል፣ ከዚያ ዕድሜው ገፋ ሲል መነኮሰ። አሁን የገዳሙ ባለመድኃኒት ነው። የራሱ የዕፅዋት አትክልት ቦታና ጠርሙስና ማሰሮ የተደረደረበት ትንሽ ጎጆ አለው። ከሚቀምማቸው ነገሮች አንዱ ከመንክስሁድ ሥር የሚሠራ ዘይት ነው። የእርጅና ቁርጥማት የያዛቸው መነኮሳት ትከሻና ጉልበታቸውን ይታሹበታል፣ ሙቀት ይሰጣቸዋል፣ ሕመሙንም ያደነዝዝላቸዋል።

ጀርቬስ ቦኔል የሚባል አንድ ባለርስት አለ። ርስቱን ለገዳሙ ሰጥቶ፣ በምትኩ ዕድሜ ልኩን ቤትና ምግብ ከገዳሙ እንዲያገኝ ይዋዋላል። ውሉ ግን ገና አልታተመም፤ አበምኔቱ ሥልጣናቸው ጥያቄ ውስጥ ገብቶ ወደ ለንደን ተጠርተዋል። በዚህ መሀል ከምክትሉ ማዕድ የተላከለትን የቆቅ ሥጋ በሶስ በልቶ ሰውዬው ይታመማል፣ ወዲያውም ይሞታል። ካድፋይል ሲጠራ ሁለት ነገሮች በአንዴ ይመቱታል። የሟቹ ሚስት ሪቺልዲስ ከአርባ ዓመት በፊት ሊያገባት ቃል የገባላት ሴት ናት። ሰውየውን የገደለው ደግሞ የራሱ ዘይት ነው።

ጣት የሚቀሰረው አሥራ አምስት ዓመት ባልሞላው የሟቹ የእንጀራ ልጅ በኤድዊን ላይ ነው። ማዕድ ላይ ከእንጀራ አባቱ ጋር ተጣልቶ፣ ጥሎ ወጥቷል። ርስቱ ወደ ገዳሙ ከመሄዱ በፊት ቦኔል ቢሞት ይጠቀማል ተብሎም ይታሰባል። በቃ፣ ለሕግ አስከባሪዎቹ ይህ ይበቃል።

አንድ ድስት፣ ሁለት ሰሃን

ላቦራቶሪ የሠራ ሰው በጣም የሚወደው ነገር መጽሐፉ ውስጥ አለ። ያው ምግብ ከአንድ ማድቤት ነው የወጣው። የገዳሙ ምክትል አለቃ የራሱን ድርሻ በላ፣ ምንም አልሆነም። ቦኔል በላ፣ ሞተ። በሙከራ ቋንቋ የምክትሉ ሰሃን «ኮንትሮል» ነው፤ ማለትም ምንም ያልተነካካ ማነጻጸሪያ። ሁለቱ ሰሃኖች የሚለያዩት ከማድቤቱ ከወጡ በኋላ ባሳለፉት መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ ምግብ አብሳዩ ነፃ ነው፣ ፍለጋውም ወደ አንድ አጭር መንገድና ወደ አንድ ትንሽ ቤት ይጠባል።

ፓርጂተር ይህን ስታደርግ «ኮንትሮል» የሚለውን ቃል አትጠቀምም፣ ማብራሪያም አትሰጥም። አንባቢው በራሱ ይደርስበታል። ሳይንሳዊ አስተሳሰብን ሳይንስ ሳይጠቅሱ ማስተማር እንዲህ ነው ብዬ አደነቅሁ።

ተክሉ ምን ያደርጋል?

መንክስሁድ በአውሮፓና በእስያ ቀዝቃዛና ተራራማ ቦታዎች የሚበቅል ተክል ነው። ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ አበባው ላይኛው ቅጠሉ ጎንበስ ብሎ እንደ ቆብ ስለሚደፋ ነው ስሙን ያገኘው። ውብ ነው፣ ብዙ ሰው ለጌጥ ይተክለዋል። ሥሩ፣ ግንዱ፣ ቅጠሉ፣ አበባው ግን ሁሉም መርዛማ ነው።

ዋናው መርዝ አኮኒቲን ይባላል። ሥራውን ለመረዳት የሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያን አስቡ። ውሃው ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ይልና ቧንቧውን ይዘጋል። ነርቮቻችንና የልባችን ጡንቻዎችም እንዲህ ያሉ በሮች አሏቸው። በሩ ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ይከፈታል፣ ሶዲየም ይገባል፣ መልእክቱ ይተላለፋል፣ በሩ ይዘጋል። አኮኒቲን በሩ ላይ ይለጠፍና እንዳይዘጋ ያደርገዋል። ውሃው መፍሰሱን አያቆምም ማለት ነው። መጀመሪያ ከንፈርና ምላስ ይወጋጋል፣ ከዚያ ይደነዝዛል። ማስመለስና የእጅና የእግር መዛል ይከተላል። በመጨረሻ ልብ ምቱን ይስታል። ብዙውን ጊዜ በሽተኛው አእምሮውን ሳይስት ነው ይህ ሁሉ የሚሆነው። ዛሬም ቢሆን ለአኮኒቲን የተለየ ማርከሻ የለም፤ ሐኪሞች የሚያደርጉት ልብና ትንፋሹን እየደገፉ መርዙ ከሰውነት እስኪወጣ ጊዜ መግዛት ነው።

መጠኑስ? ለአንድ ጎልማሳ 2 ሚሊግራም ገደማ ንጹሕ አኮኒቲን ሊገድል ይችላል ተብሎ ይጠቀሳል። በሦስት ጣት የምትቆነጥሩት ጨው ወደ 300 ሚሊግራም ቢመዝን፣ የዚያን ቁንጥር አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ የፓርጂተር መግለጫ ትክክል ነው። የቦኔል ሕመም ከአፍና ከፊት ይጀምራል፣ ይወጋዋል፣ ይደነዝዘዋል፣ ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል። ካድፋይልም የሚለየው በዚህ ነው። ደራሲዋ ይህን ከየት አመጣችው? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለዓመታት ዶውሊ በምትባል ትንሽ ከተማ የፋርማሲ ረዳት ሆና ሠርታለች። በዚያ ዘመን አኮኒት ያለባቸው የሚታሹ መድኃኒቶች ከብሪታንያ ፋርማሲዎች ገና አልጠፉም ነበር። አጋታ ክሪስቲም እንዲሁ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መድኃኒት ስትቀምም ነው መርዝ የተማረችው። መርዝን በደንብ የጻፉት ሴቶች መድኃኒት ሲያድሉ የነበሩ ናቸው። የሚገርም አይመስለኝም።

በቆዳ እና በሆድ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ያው ዘይት ትከሻ ላይ ሲታሽ መድኃኒት፣ ሶስ ውስጥ ሲገባ መርዝ። ልዩነቱ መጠኑና መንገዱ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ጉሎን ውሰዱ። ፍሬው ምጣድ ይታሰስበታል፣ ዘይቱ ቆዳ ያለሰልሳል፣ በፋርማሲ ደግሞ ሆድ ማለስለሻ ሆኖ ይሸጣል። ነገር ግን ፍሬው ውስጥ ራይሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለ። እንዴት ሁለቱ አብረው ኖሩ? ራይሲን ፕሮቲን ነው፣ በዘይት አይሟሟም። ዘይቱ ሲጨመቅ መርዙ እፋጩ ውስጥ ይቀራል፣ ሙቀትም ያበላሸዋል። መንክስሁድ ግን ተቃራኒው ነው፤ መርዙ ከሥሩ ወደ ዘይቱ ይሻገራል፣ መታሻው ሕመም የሚያደነዝዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኮሶም እንዲሁ ነው። የኮሶ ትልን ለማስወጣት ሲጠጣ የኖረ መድኃኒት ነው፣ ግን መጠኑ ካለፈ ጠጪውን ራሱን እንደሚጎዳ የድሮ ሰዎች ያውቁ ነበር።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚል ነገር በየማስታወቂያው ስሰማ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። አኮኒቲንም ተፈጥሯዊ ነው። ራይሲንም ተፈጥሯዊ ነው። ተፈጥሮ ስለ እኛ ጤና ቃል የገባችልን ነገር የለም።

አንድ እርማት ግን ላስገባ። መጽሐፉን የሚያነብ ሰው «በቆዳ ላይ ሲሆን ምንም አይልም» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ልክ አይደለም። አኮኒቲን በቆዳም ይገባል፣ በተለይ ቆዳው ከቆሰለ ወይም ከተላጠ። የካድፋይል ሽማግሌዎች ያመለጡት መጠኑ ትንሽ ስለነበረ ነው እንጂ መንገዱ ዝግ ስለሆነ አይደለም።

የመሐንዲሱ ጥርጣሬዎች

የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ሙቀት ነበር። የአኮኒቲን ሞለኪውል አስቴር የሚባሉ ሁለት ማያያዣዎች አሉት። በውሃ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ሲፈላ ማያያዣዎቹ ይበጠሳሉ፣ የሚቀረው ነገር መርዛማነቱ በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። በቻይና ባህላዊ ሕክምና የዚህ ተክል ዘመድ ሥር መድኃኒት ሆኖ የሚሰጠው በጥንቃቄ ተዘፍዝፎና ለረጅም ጊዜ ተቀቅሎ ነው፤ ቅቀላው ሲያጥር ሰው ይመረዛል። ታዲያ የቦኔል ሶስ ለምን አልበረደም? ምክንያቱም መርዙ የገባው ምግቡ በስሎ ካለቀ በኋላ፣ እንዳይቀዘቅዝ እሳት ዳር ተቀምጦ ሳለ ነው። ለብ ማለትና መፍላት አንድ አይደሉም። እዚህ ላይ ደራሲዋ አሸነፈችኝ።

ሁለተኛው ምርመራው ነው። በ1138 ላቦራቶሪ የለም። ካድፋይል መርዙን የሚለየው በስሜት ሕዋሳቱና በልምዱ ነው። መጀመሪያ «ይህ ለደራሲዋ የተመቸ ማምለጫ ነው» አልኩ። ከዚያ ግን የ1882ቱን የዶክተር ጆርጅ ሄንሪ ላምሰን የለንደን ችሎት አስታወስኩ። ላምሰን የሚስቱን ወንድም በአኮኒቲን ገድሏል ተብሎ ተከሰሰ። ከሬሳው የተጣራውን ነገር የመረመረው ቶማስ ስቲቨንሰን የተባለ የታወቀ የመርዝ ሊቅ ነበር። ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ምላሱ ላይ አደረገው! የሚወጋውና የሚያደነዝዘው ስሜት ለሰዓታት ቆየበት። አይጦች ላይም ሞከረው። ላምሰን ተፈርዶበት ተሰቀለ። እንግዲህ ከካድፋይል 740 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ኬሚስትሪ ባደገበት ዘመን፣ ችሎት ፊት ከቀረቡት መሣሪያዎች አንዱ የሰው ምላስ ነበር። ዛሬ ያንን በማሽን እናደርገዋለን፤ በ2009 እዚያው ለንደን በአኮኒት የተመረዘ ካሪ ሰው ሲገድል መርዙን የለየው ምላስ አልነበረም። ካድፋይልን ግን በምላሱ ልንከሰው አንችልም።

(እባካችሁ እናንተ አትሞክሩት። ስቲቨንሰን የሚያደርገውን ያውቅ ነበር፣ እንዲያም ሆኖ ዕድለኛ ነው።)

ሦስተኛው ጥርጣሬዬ ግን አልተፈታልኝም። አኮኒቲን አፍን በፍጥነት ነው የሚወጋው። ቦኔል ደግሞ በትንሽ ነገር የሚቆጣ፣ የሚያዝዝ፣ የሚያማርር ሰው ሆኖ ነው የተሳለው። እንዲህ ያለ ሰው ከንፈሩ ሲወጋው ሰሃኑን አይገፋም? ቅመም የበዛበት ሶስ ጣዕሙን ሊሸፍን ይችላል፣ ድንዛዜን ግን ቅመም አይሸፍንም። በእርግጥ እውነተኛ ታሪክም አለ፤ በ1856 ስኮትላንድ ውስጥ ዲንግዎል በምትባል ከተማ የመንክስሁድ ሥር ከሆርስራዲሽ ጋር ተምታቶ ሶስ ተሠራበትና ሁለት ካህናትን ጨምሮ የእራት እንግዶች ሞቱ። ሆርስራዲሽ ግን ራሱ አፍ የሚያቃጥል ሥር ነው፣ እንግዶቹ ማቃጠሉን ቢጠብቁት አይገርምም። ቦኔል ምን ጠብቆ ነበር? ይህን መጽሐፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያስረዳኝ እወድ ነበር።

መነኩሴ ወይስ ፋርማሲስት?

ከኬሚስትሪው ይልቅ የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ካድፋይል የአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን ሰው አይመስልም። የዚያ ዘመን የአውሮፓ ሐኪም ስለ በሽታ የሚያስበው በአራቱ የሰውነት ፈሳሾች ነው፤ ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞት፣ ጥቁር ሐሞት። ዕፅዋትን «ሙቅ» እና «ቀዝቃዛ»፣ «ደረቅ» እና «እርጥብ» እያለ ነው የሚመድባቸው። ካድፋይል ግን ይህን ሁሉ ከሞላ ጎደል ትቶ፣ ምልክት ያያል፣ ማስረጃ ይመዝናል፣ «ይህን ዘይት የነካ ሰው እጁን ይታጠብ» ይላል። ነጭ ጋዋን ቢያለብሱት ፋርማሲ ውስጥ ሊቆም ይችላል።

ይህ ለምን ያስጨንቀኛል? ምክንያቱም ለወጣት አንባቢ የተሳሳተ ነገር ያስተምራል። «ድሮም ብልህ ሰው ካለ እንደ እኛ ነው የሚያስበው» ያሰኛል። የጥንት ባለሙያዎች ሞኞች አልነበሩም፣ ግን እንደ እኛም አያስቡም ነበር። ትክክለኛ መድኃኒት በተሳሳተ ምክንያት የሚሰጥ ብልህ ሰው ማየት ከካድፋይል የበለጠ ያስተምረን ነበር። ሳይንስ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳየው እንዲያ ያለ ሰው ነው፤ ልምድ ብቻውን እስከ የት እንደሚያደርስ፣ የት ላይ እንደሚያቆም ያሳየናል።

ሆኖም አንድ ነገር ልመስክር። ፓርጂተር ታሪካዊ ዓለሟን በሌላ በኩል በደንብ ገንብታዋለች። የእንግሊዝና የዌልስ የርስት ሕግ መለያየት እንደ ጌጥ የገባ አይደለም፤ ምስጢሩ የሚፈታው በእሱ ነው። ርስት ሰውን ምን እንደሚያደርግ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ክፍል ያስደስታል።

የተደረደሩ ወንፊቶች

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ጠርሙሱ የት ነበር?

በደኅንነት ምሕንድስና የምንማረው አንድ ሞዴል አለ። ጄምስ ሪዝን የተባለ የብሪታንያ የሥነ ልቦና ምሁር ነው ያመጣው፣ «የስዊስ ቺዝ ሞዴል» ይባላል። እኔ ለእናንተ በወንፊት ልቀይረው። አደጋን የሚከላከሉ ነገሮችን እንደ ተደረደሩ ወንፊቶች አስቧቸው። እያንዳንዱ ወንፊት ቀዳዳ አለው፣ ፍጹም የለም። አንዱን ያለፈ ጠጠር ሌላው ላይ ይቀራል። አደጋ የሚደርሰው የሁሉም ቀዳዳዎች በአንድ መስመር የገጠሙ ቀን ነው።

የካድፋይልን ወንፊቶች እንቁጠር። ዘይቱ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ በጎጆውም በሕሙማን ክፍሉም ይገኛል። ሁለቱም ቦታ ሰው ይገባል ይወጣል። ስንት ጠርሙስ እንዳለ፣ ከየትኛው ስንት እንደ ጎደለ የሚጽፍ የለም። ምግቡ ደግሞ እሳት ዳር ብቻውን ተቀምጧል። ከሁሉም የሚያሳዝነው ግን ማስጠንቀቂያው ነው። ካድፋይል ደግ ሰው ስለሆነ ያስጠነቅቃል፤ ወደ አፍ ከገባ ይገድላል ይላል። ያ ቃል ለጥንቃቄ ነው የተነገረው። ግን ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው ከሰማው፣ ማስጠንቀቂያው ራሱ የአጠቃቀም መመሪያ ይሆናል።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ነጭ ጋዝ ይቀመጥ የነበረው በውሃ ፕላስቲክ ነው። የሁሉም ጎረቤት ቤት እንደዚያ ነበር። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ ሲጫወት ውሎ፣ ጠምቶት ገባና አንስቶ ጎረሰ። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ አንዷ ወተት አምጡ አለች፣ አንዱ ጣት ከትታችሁ አስመልሱት አለ። እናቴ ግን አቅፋው ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠች። ለካ ትክክል ነበረች፤ ነጭ ጋዝ የጠጣ ልጅ እንዲያስመልስ አይደረግም፣ ሲመለስ ወደ ሳንባ ገብቶ የባሰ ይጎዳልና። ወንድሜ ሁለት ቀን ሲያስለው ሰንብቶ ዳነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ቤት ከተመለስን በኋላ ግን ጥያቄው ጀመረ። ማን ነው እዚያ ያስቀመጠው? አባዬ እማዬን፣ እማዬ እኔን፣ እኔ ሠራተኛዋን። ሠራተኛዋ የምታመካኝበት ሰው ስላልነበራት አለቀሰች። ሁላችንም «ማን?» ስንል «ለምን በውሃ ፕላስቲክ?» ያለ አልነበረም። ከሳምንት በኋላ ነጭ ጋዙ ያው ፕላስቲክ ውስጥ፣ ያው ቦታ ነበር።

ካድፋይል በዚህ ከእኛ ይሻላል። በራሱ እጅ የተቀመመ ነገር ሰው እንደ ገደለ ይሰማዋል፣ ሸክሙን ለሌላ አያሻግርም። ምርመራውን የሚገፋበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው፤ አንድ ልጅ በእሱ ጠርሙስ ምክንያት እንዳይሰቀል። የመጽሐፉ ምርጥ ገጾች እነዚህ ናቸው። ነገር ግን ገዳዩ ሲታወቅ ታሪኩ ወደ ፍርድና ወደ ምሕረት ይዞራል። የሚያምር ፍጻሜ ነው፣ እኔም ነክቶኛል። ጠርሙሱ ግን ይረሳል። የአንድ ሰው ጥፋት ሲገኝ የሥርዓቱ ቀዳዳ ይሸፈናል። እንደ እኛ ቤት ሠራተኛ ማለት ነው፤ የምታለቅስ ሰው ከተገኘች ፕላስቲኩን ማን ያየዋል?

ይህ የወንጀል ልብ ወለዶች ሁሉ ድክመት ይመስለኛል። ቅርጹ ራሱ አንድ ጥፋተኛ ይፈልጋል፣ ሲያገኘው ይረካል። በእውነተኛው ዓለም መርዝ ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን እንዲህ ያለ ባለሴራ ገዳይ ኖሮ አይደለም። ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ፣ ዝቅ ያለ መደርደሪያ፣ «ትንሽ ነው፣ አይጎዳም» የሚል ቃል፣ በቃ።

ታዲያ ይነበብ?

አዎ፣ አንብቡት። እንግሊዝኛው ትንሽ ጥንታዊ ቃና ስላለው የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ሊያዘግሟችሁ ይችላሉ፤ ታገሡት። ተከታታዩን ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግም፣ ይህ ለብቻው ይገባል። ስታነቡም እንደ ጨዋታ አድርጉት፤ አንድ ወረቀት ያዙና ጠርሙሱ በየምዕራፉ የት እንዳለ፣ ማን ሊደርስበት እንደሚችል ጻፉ። ከካድፋይል ቀድማችሁ ትደርሱ ይሆናል። ሌላም ነገር አስተውሉ፤ ፓርጂተር ዘይቱ የሚቀመምበትን መንገድ ለማንም በሚጠቅም ዝርዝር አትነግረንም። የሚያስፈራን እንጂ የሚያስተምረን መርዝ አይደለም። ይህም የደራሲ ኃላፊነት ነው።

እኔ አሁን የምሠራበት ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ደንብ አለ፤ ስም፣ ቀንና የአደጋ ምልክት ያልተጻፈበት ዕቃ ካገኘህ የማን እንደሆነ አትጠይቅም፣ መጀመሪያ ከቦታው ታነሳዋለህ። ደንቡን ሳየው ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ የወንድሜ ሳል ነው። አሁን ደግሞ ካድፋይል ተጨመረበት።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ማድቤት ግቡ። በረኪናው፣ የአይጥ መድኃኒቱ፣ ነጭ ጋዙ በምን ዕቃ ነው የተቀመጠው? ታናሽ እህታችሁ ትደርስበታለች? ከደረሰች ከፍ አድርጉት። በውሃ ፕላስቲክ ከሆነ ዕቃውን ቀይሩና ስሙን በትልቁ ጻፉበት። ስትጽፉ ግን «መድኃኒት» አትበሉት። «መርዝ» በሉት።